ትኩረቱ ደርሶናል፤ ጫማው ቀርቷል

«ለጤናው ዘርፍ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» አሉ የተከበሩ።

ተሰጥቷል እኮ! በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ትኩረት ያልተሰጠው ጤና ጣቢያ ካለ እስኪ ይጠቁሙኝ። መድኃኒት ያለቀበት ይኖራል፣ ቧንቧው የደረቀ ይኖራል፣ አምቡላንሱ ጎማ ጠብቆ የቆመበት ይኖራል። ትኩረት የጎደለበት ግን አንድም የለም፤ ሞልቶ በመስኮት እየፈሰሰ ነው።

ስም እንድጠራ አትጠብቁ። ይህን ዓረፍተ ነገር የተናገረውን አንድ እንደራሴ 547 ወንበር ካለው ምክር ቤት መፈለግ፣ ጤፍ ክምር ውስጥ ገብቶ ጤፍ እንደ መፈለግ ነው። ስለዚህ የምተርበው ወንበሩን ነው። ወንበር ሲተረብ አይቀየምም፤ ቢቀየምም መልስ ለመስጠት እጅ አውጥቶ ዕድል መጠየቅ አለበት።

«በጥንካሬ የሚታዩ ሥራዎች አሉ» ይላሉ ደግሞ። አሉ እንጂ! ከስናን ወረዳ ተነሥቶ ወላድ በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት የሚያደርስ ጎረቤት ጠንካራ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ጥንካሬው የእኛ፣ ሪፖርቱ የእናንተ፤ ሥራ ተከፋፍለናል።

«ክፍተቶችም ተስተውለዋል።» እኛም አስተውለናል። ከበሽተኛው መደብ ይጀምርና ክፍተቱን ከሚያነቡት ሰው ወንበር ይደርሳል። መካከሉ የአባይ በረሃን ያህል ነው፤ አባይስ ድልድይ አለው።

የምክር ቤቱን ኮሚቴ ላንሳ። ስሙ «የጤና፣ ማህበራዊ ልማት፣ ባህልና ስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ» ነው። አንድ ኮሚቴ ወባውንም፣ አረጋዊውንም፣ ማሲንቆውንም፣ ኳሱንም አቅፎ ተቀምጧል። ከዚያ የጤና ጥያቄ ስትጠይቅ የዋሊያዎቹ ውጤት ቢመለስልህ አትደነቅ፤ ሁለቱም ያው ሕመም ነው።

ሐሰት ግን አልናገርም። ይህ ምክር ቤት ጥርስ ሲያበቅል አይተናል። በ2011 ያጸደቀውን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112ን አንሡ፦ በር ላይ ቆሞ ማጨስ ቀረ፣ አጫሹ አሥር ሜትር ይራቅ ተባለ፤ በሲጋራ ፓኮ ላይ ማስጠንቀቂያው 70 በመቶውን ፊት ወሰደ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ወጣት መሸጥ ተከለከለ፤ ቢራም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ ተባረረ። ሜትር፣ በመቶኛ፣ ዕድሜ! «ትኩረት ይሰጠው» ቢባል ኖሮ ቢራው ዛሬም በዜና መሐል ይጨፍር ነበር። አረቄያችንን ብቻ አልነካትም፤ እሷ መቼ ማስታወቂያ አስነግራ ታውቃለች? ጠጪው ራሱ እየተንገዳገደ ያስተዋውቃታል።

እንግዲህ ቁጥር መጥራት የሚችል አፍ እንዳላችሁ ከታወቀ፣ ወደ እግራችን እንውረድ።

ዝሆኔ ታውቃላችሁ? የሕክምናው ስም ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በወጣ ቀይ አፈር ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ፣ ዘመኑን በባዶ እግሩ ያረሰ ሰው ነው የሚያገኘው። ጎጃም ቀይ አፈሩንም፣ ዝናቡንም፣ ባዶ እግሩንም አሟልቶ ይዟል። በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንደሚታመም በጥናት ተገምቷል። እግር ያብጣል፣ ቆዳው እንደ ሙዝ ልጣጭ ሳይሆን እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ በጣቶች መሐል ይሰነጠቃል፣ ሽታ ያመጣል። በየጊዜው ትኩሳት ሲነሣ ባላገሩ «ምች መታኝ» ብሎ ይተኛል፤ የሚያርሰው በሬ አብሮት ይተኛል። የዝሆኔ ቤተሰብ ነው ከተባለ ልጁ ሚስት አያገኝም፣ ሴት ልጁን የሚጠይቅ አይመጣም። ማህበራዊ ጉዳይ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ ኮሚቴው ስሙን የሚሸከመው በከንቱ አይደለም።

መድኃኒቱን ልንገርዎ የተከበሩ፣ ማስታወሻ ይያዙ። ሳፋ። ውሃ። ሳሙና። ጠብታ በረኪና በውሃው ውስጥ። እግሩ ታጥቦ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር ይደርቃል፣ ቅባት ይቀባል፣ በፋሻ ይጠቀለላል፣ ካልሲና የተዘጋ ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ሲቀመጡ ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። አለቀ። ከውጭ አገር ሐኪም አይጠራም፣ ማሽን አይገዛም። ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ የሚጠራጠር ካለ፣ እዚሁ አነደድ ወረዳ ውስጥ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ታትሟል፤ ይህ ቀላል እንክብካቤ ያንን ምች እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዓለም አነደድን አንብቧታል። እናንተስ?

«የግንዛቤ ችግር ነው» አሉ አንድ የተከበሩ።

የማን ግንዛቤ? ገበሬው ጫማ እንደሚያስፈልገው ያውቃል፤ እሾህ አስተምሮታል። ችግሩ ኪሱ አለማወቁ ነው። ኮንጎ ጫማ ይገዛል፣ በሙቀት እግሩን ይቀቅለዋል፣ ያወልቀዋል። በረባሶ ያደርጋል፤ በረባሶ ደግሞ ውስጥ እግሩን ይጠብቃል እንጂ ከላይ ለሚገባ ጭቃ በሩን ከፍቶ ነው የሚሄድ። ሸራ ጫማ ካገኘ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ያስቀምጠዋል፤ እርሻ ሲወርድ አውልቆ በትከሻው ያንጠለጥለዋል። ጫማው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፣ እግሩ ይታመማል።

የውሃው ነገር ደግሞ ያስቃል፣ ካላስለቀሰ። የጮቄ ተራራ ወንዙን ሁሉ አፍልቆ ለአባይ ያስረክባል፣ አባይም እስከ ግብፅ ያደርሰዋል። ጮቄ ሥር ያለች እናት ግን እግር የምትታጠብበትን አንድ ጀሪካን ለማግኘት ልጅ ወደ ምንጭ ትልካለች። ካይሮ ያለ ጥረት ደረሰው፣ እኛ በቀጠሮ።

ምክር ቤቱ የሚዘጋበትን ቀን አስተውላችኋል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 58 ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ብሎ ወስኗል። ሰኔ 30 አዳራሹ ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 ጭቃው ይከፈታል። የተከበሩ የመራጭ ደጃፍ የሚጎበኙት መሬቱ ሲደርቅ ነው። አንድ ክረምት ጫማዎን አውልቀው ከእኛ ጋር ይረሱ አልልም፤ ተደርጎም አያውቅም። ቆመው ቢያዩንስ?

«የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ተጠቃሚው አድጓል» ብለዋል በሌላ ቀን። ልክ ነው። በ2003 በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ነገር ዛሬ በየቀበሌው ደብተር ሆኖ ገብቷል፤ ደግ ነገር ነው፣ ስንቱ በሬውን ከመሸጥ ድኗል። ግን ባላገሩ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል፣ ሐኪሙ ያየዋል፣ ወረቀት ይጽፍለታል፣ መድኃኒት ቤቱ «ይሄ የለም፣ ውጭ ግዛ» ይለዋል። መድህኑ መዋጮውን ተቀብሎ ምክሩን ሰጠ ማለት ነው። የተመዘገበው ሰው በመቶኛ ተነግሮናል። ወረቀቱን ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት የዞረው ስንት በመቶ ነው? ይህቺን ቁጥር ጠይቀው ካመጡልኝ እኔ ራሴ አጨበጭባለሁ፣ ቆሜ።

ስለ ሐኪሞቹም ልጨምር። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አልበቃንም» ብለው ሲነሡ፣ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱም ነበሩ። ሐኪም ለእኛ ቀጠሮ መስጠት ልማዱ ነው፤ ለካ ለእሱም ቀጠሮ የሚሰጠው አለ። ከ1995 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንማ ቀጠሮም አይጠይቁ፤ ተራራ ለተራራ ሲዞሩ ጫማቸው ያልቃል። እንግዲህ ጫማ ልበሱ ብላ የምታስተምረው ልጅ ጫማ ካለቀባት፣ ትምህርቱ ተግባራዊ ሆነ ይባላል?

«የበጀት እጥረት አለ።» ይህቺ መልስ ሁሌም ከኪስ ትወጣለች። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከመንግሥት በጀት 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ነበር። በጀት የሚያጸድቀው ማን ነው የተከበሩ? እጅዎን ሲያወጡ አይተናል። አጽድቀው ሲያበቁ «በጀት አነሰ» ማለት፣ ራስ ቀምሞ «ወጡ ጨው የለውም» ማለት አይሆንም?

ጎጃም ከፓርላማ ጋር ነገር መመላለስ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1960 በምክር ቤት ያለፈው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ እዚህ ሲደርስ ሞጣና ቢቸናም እጅ አወጡ፤ እጁ ግን ባዶ አልነበረም። ጦር ተላከ፣ ደም ፈሰሰ፣ በመጨረሻም አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። አሁን እንዲያ ያለ ክርክር አንሻም፤ የምንከራከረው ስለ ሳሙና ነው። የእንዶዳሙ ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁም በንጉሡ ዘመን ማብቂያ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተቀምጠዋል። ሰው ግን ዛሬ ወንበራቸውን ሳይሆን የጻፉትን ነው የሚያነሣው። እርስዎም ቢያንስ ጥያቄዎን ይጻፉት።

«ብናገር እጠየቃለሁ» እንዳይሉ ደግሞ አንቀጽ 54 ቆሞልዎታል፤ በምክር ቤቱ በሰጡት ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰሱም ይላል። ተገዥነትዎም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናዎ ነው ይላል። አራተኛውን አለቃ አልጻፈውም፤ እርስዎ ግን በቃልዎ ያጠኑት እሱን ነው። ከ2002 ምርጫ በኋላ በዚያ አዳራሽ አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ ሰው ብቻ ነበሩ፣ አቶ ግርማ ሰይፉ። «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» ሲባል አገሩ ሁሉ አንዱ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። በ2007 አንዱም ቀሩ። ከ2013 ወዲህ ጥቂት ተጨምረዋል፤ ቢሆንም አንድ ሰው በደንብ ቢጠይቅ የአምስት መቶ ሰው ጭብጨባ አይሸፍነውም።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቅ?» ካሉ፣ ጽፈንልዎታል፦

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ጥያቄዬ ለጤና ሚኒስቴር ነው። በምሥራቅ ጎጃም በዝሆኔ ታመው የተመዘገቡ ስንት ሰዎች ናቸው? ባለፈው ዓመት ሳሙና፣ ቅባትና ፋሻ የደረሳቸውስ? ዘንድሮ ለጫማ የተያዘው ብር ስንት ነው፣ በየትኛው ወር ወረዳ ይደርሳል፣ ካልደረሰ የሚጠየቀው ኃላፊ የትኛው ነው?»

ይህ ሲነበብ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በተረፈው ጊዜ ውሃ ይጠጡ፤ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ እንዳለ በቴሌቪዥን አይተናል።