ፀሐይ የምትጨምቀው ልብስ

ፈረንጆች ድሮ ልብስ የሚጨምቁበት መሣሪያ ነበራቸው። ሁለት የእንጨት ወይም የጎማ ሮለሮች ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ እርጥቡ ልብስ በመካከላቸው ይገባል፤ እጀታው ሲዞር ውሃው ከዚህ፣ ልብሱ ከዚያ ይወጣል። ቁልፍ ይሰብራል፤ ያልተጠነቀቀ ሰው ካገኘም ጣት አይምርም።

የእኛ መሣሪያ ክንድ ነው። ጋቢ ሲታጠብ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይይዝና አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል። ሁለቱም ተስማምተው ወደ አንድ አቅጣጫ ካዞሩት ጋቢው ይሽከረከራል እንጂ ጠብታ አይወጣውም። ባልና ሚስት ሳይስማሙ የሚሳካላቸው ሥራ ይኸው አንዱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ለደጋ ሰው ነው። በሐምሌ አዲስ አበባ የተሰጣ ሸሚዝ የቱንም ያህል ቢጨመቅ ሻግቶ ሻግቶ በመጨረሻ በካውያ እንዲደርቅ ይገደዳል። አዋሽ ሰባት ሲወርዱ ነገሩ ይለወጣል፤ የመጨረሻውን ካልሲ እስኪሰቅሉ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቃል።

ሰመራ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያረፍኩበት ቤት አንሶላ አጥቤ፣ ጥርሴን ነክሼ ስጠመዝዝ የቤቱ ሠራተኛ አየችኝና፣ «ምነው ወንድሜ፣ ውሃው ምን በደለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሌሊት ከለበሱት እርጥብ አንሶላ የሚተነው ውሃ የገላን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ለካስ ስጨምቅ የነበረው የሌሊት እንቅልፌን ነው!

ደግሞስ የእኔ አንሶላ ከአዋሽ ወንዝ ይበልጣል? አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ሲገባ የተረፈውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች። አፍዴራ ሐይቅ ላይም ይህችው ፀሐይ ውሃውን አትንና ጨው ታስቀራለች። በላብ የራሰው ሸሚዜ ጀርባ ላይ ነጭ ካርታ ስትስልብኝ ከጨው አምራቾቹ ጋር ሽርክና የገባሁ ይመስለኛል።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸው፦ አዲስ አበባ ያላችሁ ጠምዝዙ፤ አዋሽ ሰባት ያላችሁ አራግፉ፤ ሰመራ ያላችሁ ግን አንሶላውን እንዳትነኩት። መጭመቂያ ጭኖ ወደ አፋር የሚወርድ ነጋዴ ካጋጠማችሁም፣ እባካችሁ መልሱትና ፍሪጅ ጫን በሉት።