ሱዳንን ለእኔ ሊያስተምር

የልጅ ልጄ አስተማሪ ናት። እዚሁ እስራኤል፣ ፔታህ ትክቫ፣ ልጆቹ በዕብራይስጥ «ሞራ» እያሉ ይጠሯታል። እግዚአብሔር ይመስገን፤ በ1984 በእግራችን ሱዳን የወረድነው ለዚህም ጭምር ነው። ማስተማሯን አልጠላሁም። ማስተማሯን ለማሳየት የምትለፋው ልፋት ነው ያቃጠለኝ። ሰሌዳ ላይ ጻፈች፤ ፎቶ። ልጆቹ እንጀራ ቀመሱ፤ ፎቶ። የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል ሲግድ በ2008 በሕግ የአገር በዓል ከሆነ ወዲህማ፣ በዓሉ በደረሰ ቁጥር ነጠላዬ ከእኔ በላይ ዝነኛ ሆኗል። «አባባ፣ ቀና በል» ትለኛለች። «ቀና ይበሉ» ማለትን የት ትወቀው? ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም።

ይህችን ከተማ በ1878 የመሠረቱት ሰዎች ረግረግ ላይ በወባ ሲረግፉ ፎቷቸውን የለጠፈላቸው አልነበረም። ይኸው አደባባይ ተሰይሞላቸው፣ እኛ ሽማግሎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠን እናማለን።

ደግሞ አንድ ዶክተር አለ። የእኛው ልጅ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ የት እንደሆነ አልናገርም፣ እናቱን አውቃታለሁ። መቅጃ ይዞ ቤቴ መጣ። ከአቦል እስከ በረካ አወራሁለት፦ በሌሊት እንዴት እንደወጣን፣ መንገድ መሪው እንዴት እንደከዳን፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ማን ማንን እንደቀበርን። መጽሐፍ ሊሆን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ፌስቡክ ላይ ስድስት መስመር ሆኖ ወጣ። ስድስት! በመንገድ ያለቀብን ጫማ እንኳ ከዚያ ይበዛል።

ከሥሩ ደግሞ ሕዝብ ተሰብስቧል። አንዱ «ሽማግሌው ተሳስተዋል፤ መንገዱ በዚያ አያልፍም» ይላል። የልጅ ልጄ ማንነቱን አይታ ነገረችኝ፤ ነዋሪነቱ ሚኒሶታ፣ የተወለደውም እኔ እዚህ ከገባሁ ከአሥር ዓመት በኋላ። ለእርሱ 200 ሰው አውራ ጣቱን ቀሰረ፤ ለእኔ 41። በቃ፣ መንገዱ በድምፅ ብልጫ ተቀየረ።

ይህንስ እሺ። «ውሃማ አላጣንም፣ ዓይን ነበረን» ብዬ ነበር። ጎንደር ውስጥ ይህን የምታስተረጉም ሴት አትገኝም። አንዷ ግን «ውሃ ከነበረማ በጥም ሞቱ የሚባለው ውሸት ነው» ብላ ጻፈች። ከስሙ ፊት ፕሮፌሰር የለጠፈ ሌላው ደግሞ «ምንጩ ይገለጽ» አለ። ምንጩማ ፊቴ ላይ ነበር፣ ጌታዬ።

የሚጽፍ ምሁር ድሮም ነበረን። በ1920ዎቹ ዣክ ፋይትሎቪች አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ሲያቋቁም፣ ታምራት አማኑኤል ዳይሬክተሩ ነበር። እርሱም ቢሆን የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ደብዳቤው በአንድ ቋንቋ አይወሰንም። ያኔ ግን ደብዳቤ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ በመርከብ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚደርሰው። ቁጣም ቢሆን መርከብ ላይ ሲሰነብት ይበርዳል። የዛሬ ምሁር ጀበናው ሳይንተከተክ ሦስት ሰው ሰድቦ፣ ሁለቱን ይቅርታ ጠይቆ፣ አንዱን አግዶ ይጨርሳል።

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አልወቅጥም። በ2014 የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲታሰሩ፣ አንዱ ዘላለም ክብረት የአምቦ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ከአንድ ዓመት በላይ ታስሯል። እንዲህ ያለው ሰው ይጻፍ፣ ቡና አፈላለታለሁ። ማለቴ አስፈላለታለሁ። የእኛ ዶክተር ጽሑፍ ዋጋ ግን ሦስት ሲኒ ቡና ነው፤ እርሱንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰንበት እንደወጣ የልጅ ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኳትና «በይ ጻፊ፣ ለዚያ ለሚኒሶታው መልስ ልስጠው» አልኳት። ከመንደራችን ጀመርኩ። የአህያዋን ስም ነገርኳት፣ ማን ማንን እንዳዘለ ነገርኳት። የመጀመሪያውን ወንዝ ሳልሻገር ጣቷ ቆመ።

«አባባ፣ ረዘመ» አለችኝ።

«የረዘመው መንገዱ ነው» አልኳት።

መልስ አልሰጠችኝም። ወዲያው ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። መነጽሬን ፈልጌ ከፈትኩት። ትከሻዬን ተደግፋ ተቀምጣ፣ አውራ ጣት ልካልኛለች።