ገንዘብ የለህም ብሎ ገንዘብ የሚቀጣ

«አባባ፣ ለ12 ዶላር ብለው ነው እንዲህ የሚቆጡት?» ይሉኛል ልጆቹ። አዎ፣ ለ12 ዶላር! እናንተ 12 ዶላር ስልካችሁን ነካ አድርጋችሁ ለአንድ ሳንድዊች ታወጣላችሁ። እኔ በዋሽንግተን መንገድ ታክሲ ስነዳ ያረጀሁ ሰው ነኝ። 12 ዶላር ማለት ከዩኒየን ስቴሽን አንዱን ሰካራም ጭኖ፣ የቤቱ ቁጥር ትዝ እስኪለው አብሮት ዞሮ፣ ሻንጣውን አውርዶለት፣ ያለ ጉርሻ «ጉድ ናይት» ተብሎ የሚገኝ ገንዘብ ነው። የቀድሞው ባንኬ ያንን በየወሩ እኔ ተኝቼ ሳለሁ ብድግ ያደርገው ነበር።

ምክንያቱን ስሙልኝ። ሂሳቤ ውስጥ ያለው ገንዘብ አንድ ቀን እንኳ ከ1,500 ዶላር በታች ከወረደ ለወሩ አገልግሎት 12 ዶላር ይቆረጥ ነበር። ካልወረደ አይቆረጥም ነበር። እንግዲህ ያለው በነፃ ይገለገላል፣ የሌለው ይከፍላል ማለት ነው። እኔ ባደግሁበት አገር ሰው ሲቸግረው ያበድሩታል፤ የሚያበድሩት ከሌላቸውም ከንፈር ይመጡለታል። ቸገረህ ብሎ የሚቀጣ ያየሁት እዚህ ነው።

የቀረውማ ተነግሮ አያልቅም። የሂሳብ መግለጫዬ በወረቀት ይምጣልኝ ብል ወረቀቱ ዋጋ አለው። ከሌላ ባንክ ማሽን 20 ዶላር ባወጣ ማሽኑ 3 ዶላር ይወስዳል፤ የራሴ ባንክ ደግሞ «ለምን ሌላ ቤት ሄድክ» ብሎ 2 ዶላር ተኩል ይጨምርበታል። አንድ ጊዜ ከተሳፋሪ የተረፈኝን ሳንቲም በቡና ጣሳ አጠራቅሜ፣ በሁለት እጄ ታቅፌ ወሰድኩላቸው። «ሳንቲም አንቆጥርም፣ ጠቅልለው ያምጡት» አሉኝ። ባንክ ሳንቲም አልቆጥርም ካለ ምን ሊቆጥር ነው የተከፈተው? የእኔን ጉድለት ሲሆን ግን እስከ ሳንቲሟ ድረስ ይቆጥራል።

ዋናው መርዝ ኦቨርድራፍት የሚሉት ነው። የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ሂሳቡ ከገባችሁ ለእኔም አስረዱኝ። ባንክ ውስጥ 100 ዶላር ነበረኝ። ጠዋት በ4 ዶላር ቡና ጠጣሁ፣ በ12 ዶላር እንጀራ ገዛሁ፣ በ30 ዶላር ቤንዚን ቀዳሁ። ማታ የመኪናው ኢንሹራንስ 110 ዶላር መጣ። ይኼን የቄስ ትምህርት ቤት ልጅም ያሰላዋል፤ ቡናው፣ እንጀራውና ቤንዚኑ 46፣ ቀሪው 54፣ ያልበቃኝ ለኢንሹራንሱ ብቻ ነው። አንድ ጉድለት፣ አንድ ቅጣት፣ 35 ዶላር። ይሁን፣ እንክፈል። ባንኩ ግን ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የእኔን ቀን እንደገና ደረደረው! ትልቁን አስቀደመ። መጀመሪያ ኢንሹራንሱን ሲያነሣ ሂሳቤ ከዜሮ በታች ወረደ፤ ከዚያ ቤንዚኑም፣ እንጀራውም፣ ቡናውም ተራ በተራ በባዶ ሂሳብ ላይ ገቡ። አራት ጊዜ 35፣ 140 ዶላር። የ4 ዶላሯ ቡና 39 ዶላር ወጣች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። በ39 ዶላር እኮ ሰፈሩ በሙሉ እስከ በረካው ይጠጣ ነበር፣ ከነፈንዲሻው!

ልከራከር ባንኩ ስሄድ፣ መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ያገሬ ልጅ ናት። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሲስተሙ ነው» አለችኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ የት ነው የሚቀመጠው? እስቲ ጥሪልኝ» አልኳት።

ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ ማኔጀሩ እንዳይሰማት ጎንበስ ብላ፣ «አንዱን አስነሣልዎታለሁ» አለችኝ። እግዜር ይስጣት፣ አስነሣችልኝ። ሦስቱን ሲስተሙ በላ።

ይኼ የእኔ ባንክ ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የካሊፎርኒያው ፌዴራል ዳኛ ዊሊያም አልሰፕ በዌልስ ፋርጎ ላይ የቀረበውን ክስ ሰምተው፣ ይኼንኑ ከትልቅ ወደ ትንሽ የመደርደር ዘዴ ነቅሰው፣ 203 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞቹ ይመለስ ብለው ፈርደዋል። ይግባኙ ዓመታት ፈጀ፤ የሀብታም ክርክር መቼ ቶሎ ያልቃል። በ2024 መጨረሻ ደግሞ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ተነሣና፣ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ያላቸው ባንኮች ለኦቨርድራፍት ወይ 5 ዶላር፣ ወይ ወጪያቸውን የሚሸፍን ያህል ብቻ ያስከፍሉ የሚል ደንብ አወጣ። እልል ብዬ ሳልጨርስ በ2025 ኮንግረስ ሻረው፣ ፕሬዚዳንቱም ፈረሙበት። የእኔ ደስታ ስንት ቀን እንደቆየ ባንኩ ቢያውቅ ኖሮ በዚያም ያስከፍለኝ ነበር።

ሕዝቡ አንድ ጊዜ ከልቡ ተቆጥቶ ነበር። በ2011 ከአገሪቱ ግዙፍ ባንኮች አንዱ፣ በገዛ ገንዘባችሁ በካርድ ለመገበያየት በወር 5 ዶላር ክፈሉ አለ። ኖቬምበር 5 ቀን ገንዘባችሁን ከትልልቆቹ ባንኮች አውጥታችሁ ወደ ክሬዲት ዩኒየን፣ ማለትም ወደ አባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ውሰዱ የሚል ጥሪ ካገር አገር ተዳረሰ። ባንኩ ቀኑ ሳይደርስ ክፍያውን ተወው። 5 ዶላር ያን ያህል አገር ካናወጠች የእኔ 12 ዶላር ምን በደለች?

እኔን ያስነሣችኝ ያቺ የ39 ዶላር ቡና ናት። አብሮኝ ታክሲ ይነዳ የነበረ አንድ ጓደኛዬ «አንተ ሰው፣ ደም ግፊትህን ከምታስነሣ ና ተከተለኝ» ብሎ ክሬዲት ዩኒየን ወሰደኝ። የጠየቁኝ 5 ዶላር ነው። እርሷም ክፍያ ሳትሆን ድርሻዬ ናት፤ ስወጣ ትመለስልኛለች። በ5 ዶላር ባለቤት ሆንኩ! መቶ ሺሕ ያስቀመጠውም አንድ ድምፅ፣ እኔም አንድ ድምፅ። የቦርድ አባላቱን የምንመርጠው እኛው ነን፣ እነርሱም የሚያገለግሉት ያለ ደመወዝ ነው። ውጭ ቁጭ ብሎ ትርፌን አምጡ የሚል ባለአክሲዮን ስለሌለ፣ የተረፈው በብድር ወለድና በክፍያ ማነስ ለአባሉ ይመለሳል። ቢከስርስ? እስከ 250,000 ዶላር የመንግሥት ዋስትና አለው፣ ልክ እንደ ባንክ ተቀማጭ። የእኔ ተቀማጭ ዋስትናውን ሲያይ ያፍራል እንጂ ዋስ አጣሁ አይልም።

ይኼን ሁሉ ስተነትንላት ባለቤቴ ከምጣዷ ዞር ሳትል «እቁብና ዕድር ነዋ! ይኼን ለማግኘት ነው አሜሪካ ድረስ የመጣነው?» አለችኝ። እቁብ ዕጣ አለው፣ ይኼ ዕጣ የለውም ብዬ ልከራከር ነበር፤ ግን እውነቷን ነው። በ1908 በኒው ሃምፕሻየር፣ በማንቸስተር ከተማ፣ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ክሬዲት ዩኒየን ያቋቋሙት ከካናዳ የፈለሱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው። መንገዱን ያሳያቸው የኩቤኩ አልፎንስ ዴዣርዳን ነው፤ እርሱ በ1900 በሌቪ ከተማ ባቋቋመው ማኅበር የመጀመሪያዋ ተቀማጭ 10 ሳንቲም ነበረች። አስቡት፣ 10 ሳንቲም! የእኔን ጣሳ ይዤ ብሄድለት ወንበር ስቦ ያስቀምጠኝ ነበር። አገር ቤትም ቢሆን የአየር መንገድ ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበራቸውን ካቋቋሙ ስድሳ ዓመት አልፏል።

ክሬዲት ዩኒየን መልአክ ነው አላልኩም። የኒውዮርክ ታክሲ ፈቃድ፣ ያ ሜዳሊያን የሚሉት፣ ዋጋው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ባለፈ ጊዜ ብዙው ስደተኛ ነጂ የገዛው በብድር ነበር፤ ካበደሩትም መካከል ክሬዲት ዩኒየኖች ነበሩ። ኡበር መጣ፣ ዋጋው ተናደ፣ ነጂው ከነዕዳው ቀረ፤ ሜልሮዝ የሚባለው ክሬዲት ዩኒየንም በ2018 ተዘጋ። የታክሲ ሰው ይኼን አይረሳም። የእኔውም ቤት ቢሆን ኦቨርድራፍት ያስከፍላል። ከባንኩ ያነሰ ነው፣ ግን ያስከፍላል። «የራሴን ገንዘብ ለራሴ ያበደርኩት እኔ፣ የምቀጣውን ማን ሊበላው ነው?» ብዬ ጠይቄያለሁ። «እርስዎ ነዎት፣ ባለቤት አይደሉ?» አሉኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ግራ ገብቶኛል።

ሌላም አለኝ። ቅርንጫፋችን አንድ ብቻ ነው። የመኪና ማቆሚያው ጠባብ ነው። ገንዘብ የምትከፍለዋ ሴትዮ የልጅ ልጇን ፎቶ ሳታሳይ ሰው አትሸኝም፤ ከኋላ የቆመ ሰልፈኛ አይታያትም። ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ይቆለፍ ነበር። ባለቤት ነኝ እኮ! የገዛ ቤቴን በጠራራ ፀሐይ ማን ነው የሚዘጋብኝ?

ባንኩ ውስጥ ይኼን የምናገርለት ሰው አልነበረኝም፤ አንዲት ምስኪን ልጅና አንድ ሲስተም ብቻ። እዚህ ግን ዓመታዊ ስብሰባ አለ። እጄን አወጣለሁ፣ ሊቀመንበሩ በስሜ ይጠራኛል፣ እቆማለሁ፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ጸሐፊዋ ያልኩትን አንድ በአንድ በቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ባለፈው ዓመት ስለ ቅዳሜው ተናገርኩ፤ ዘንድሮ እስከ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ስለ መኪና ማቆሚያው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ እኔኑ አስገቡኝ። እንዲህ አድርገው ሰውን ዝም ሊያሰኙ ያስባሉ።

አልሆነላቸውም። የዘንድሮው ስብሰባ የዋለው በዐቢይ ጾም መካከል ነው፣ ለአባላት የቀረበው ደግሞ ፒዛ ነው፣ ከነአይቡ። አቤቱታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ከእኔ ሌላ አምስት ሐበሾች ፈርመውበታል።