ለአዲስ ቀፎ ሰቃዮች

አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ማሩን ቀምሶ የሚያውቀው ተማሪ ስንት እንደሆነ ግን የቆጠረ አልተገኘም። ንብ ማነብ በካፋና በኢሉባቦር ጫካ ዛፍ ላይ፣ በሰሜኑ ደግሞ በጓሮና በቤት ግድግዳ ውስጥ የኖረ ሙያ ነው። አሁን ወደ ከተማ ገብቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በር ላይ ታፔላ ያላንጠለጠለ ቀፎ ማግኘት ያስቸግራል። ቀፎ ለመስቀል የተነሣሡ ወጣቶችም በዝተዋልና ከብዙ ዓመት ትዝብት የተገኘ ጥቂት ምክር ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የመጀመሪያው ሥራ መንጋ መጥራት ነው። ባዶ ቀፎ ማር አይሠራም፤ መንጋው የሚመጣው ከሩቅ ነው። አባቶቻችን ቀፎውን በእበት ይለቀልቁትና መልካም ሽታ ባለው ቅጠል ያጥኑታል፤ ንቡም መዓዛውን ተከትሎ ይሰፍራል። ዘዴው ዛሬም ያው ነው፤ የሚለዋወጠው ቅጠሉ ነው። በ1990ዎቹ ቀፎ ሁሉ የሚታጠነው በአንድ የመድኃኒት ሽታ ነበር፤ በደጁ ስታልፉ ሐኪም ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል። ቀጥሎ የሴት ንቦችን ድካም የሚያወድስ ቅጠል መጣ። ሠራተኛ ንብ ሁሉ ሴት ስለሆነች ቅጠሉ የተገባ ነበር፤ ለቅመው የሚያጥኑት ግን አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ከዚያ የአየር ጠባይ ሽታ ተፈለገ። በኅዳር 2008 ደግሞ ሜዲትራኒያን ባሕር መካከል ካለች ትንሽ ደሴት፣ ንብ ካገሩ እንዳይሰደድ ያደርጋል የተባለለት ቅጠል ወጣ፤ ስለ ስደት አንድ ቀን ተናግረው የማያውቁ ቀፎዎች በወሩ ስደት ስደት ሸተቱ። ጎረቤቴ በዚሁ በአንዱ ቀፎው አራቱንም አጥኖበታል። ውስጡን አንድም ቀን አልጠረገውም፤ ሽታው ግን ምን ጊዜም አዲስ ነው።

መንጋ አዲስ ቀፎ አይወድም። የቆየ ሰም ያለበትን፣ ቀድሞ ንብ የሰፈረበትን ይመርጣል፤ ይህን ማንም አናቢ ይነግራችኋል። ስለዚህ ቀፏችሁ ባለፉት ሦስት ዓመታት ምን ያህል ማር እንደሰጠ የሚያስረዳ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አዘጋጁ። ማር ሰጥቶ ካላወቀ መንጋ አይመጣለትም፤ መንጋ ካልመጣለትም ማር አይሰጥም። የወጣት ክበብ ማለት ይህ ነው፤ ስትዞሩበት ትውላላችሁ። አማራጭ የለም ማለቴ አይደለም። ታላላቆቹ ቀፎዎች ትናንሾቹ በጥላቸው ሥር እንዲንጠለጠሉ ይፈቅዳሉ፤ ማሩ በትልቁ ቀፎ አልፎ ወደ ትንሹ ይወርዳል። ማር ደግሞ ባለፈበት ሁሉ መጣበቅ ጠባዩ ነው።

ቋንቋም አለ። አንድ የሰፈራችን ልጅ ቀፎው ምን እንደጎደለው በእናቱ ቋንቋ ሁለት ገጽ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ካነበብኩት ሁሉ ግልጹ እሱ ነው። ንቡ አልሰማውም። ያው ጉድለት በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ቋንቋ፣ አርባ ገጽና አንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ሆኖ ሲሄድ መንጋው መጥቶ ሰፈረ። ጸሐፊው የሰፈሩን ስም አሳስቶት ነበር፤ ንብ አድራሻ ስለማያነብ የደረሰ ጉዳት የለም።

ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት የተጋራው የንብን ጭፈራ በመፍታቱ ነው። አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ እየጨፈረች አቅጣጫውንና ርቀቱን ትናገራለች። ጭፈራው የሚካሄደው በጨለማ ነው፤ የሚረዱትም አጠገቧ ተጠግተው የሚዳስሷት ብቻ ናቸው። ሊቁ ለዚህ ብዙ ዓመት መድከሙ ያሳዝነኛል፤ አንድ ሳምንት እኛ ዘንድ ቢቀመጥ ይበቃው ነበር። አበባው የት እንዳለ ለቅርብ ሰው በእራት ሰዓት ይነገራል። ለሩቁም አይደበቅም፤ ሊረግፍ ሁለት ቀን ሲቀረው በጋዜጣ ይወጣል።

ሕግ ማወቅም አይከፋም። በ2001 የወጣው ደንብ፣ ስለ አበባ ብቻ ሳይሆን ስለ መብቷም ማንጎራጎር የምትሻ ንብ ከባሕር ማዶ የምትቀስመው ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ አዘዘ። ብዙዎቹ ማንጎራጎሩን ተዉት፤ ቀፎውም ሰላም ሆነ። ከማሩ ለአናቢው ቤት የሚውለው ከ30 እጅ እንዳያልፍም ያው ደንብ ወስኖ ነበር። በ2011 የወጣው ፊተኛውን ገደብ አነሣ፣ ኋለኛውን ወደ 20 አወረደው። አናቢዎቹ ተጎዱ ብላችሁ እንዳታዝኑ። መሰላሉ፣ መሰላሉን የሚጭነው መኪና፣ የመኪናው ጎማና ሾፌሩ የአናቢው ቤት አይደሉም፤ ለማሩ ሲባል የተደረጉ ናቸው። መኪናው እሑድ ገበያ የሚታየውም ለማሩ ሲባል ነው።

ማር የሚቆረጠው በሌሊት ነው። የሰፈሩ ልጆች ችቦ ይይዛሉ፤ ይነደፋሉ፤ መነደፋቸውንም ስማቸውን ጽፈው በፊርማቸው ያረጋግጣሉ። እንጀራው ከነማሩ ወደ አናቢው ቤት ይገባል፤ ለልጆቹ ሰሙ ይተርፋቸዋል። ሰም አይናቅም፤ ጧፍ ይሆናል፣ ሲያኝኩትም ለትንሽ ጊዜ ማር ማር ይላል። ንብ የታተመበት ካናቴራም ይሰጣቸዋል፤ ለብሰውት ፎቶ ይነሣሉ። ፎቶው ባሕር ማዶ ሲደርስ ማር የጠገቡ ልጆች ተብሎ ይቆጠራል፤ ሁለቴ የተነሣ ልጅ ሁለት ልጅ ነው። ዓምና አንዱ ደፍሮ፦ «ጋሼ፣ ማሩስ?» አለ።

«ማር ጥርስ ያበላሻል፣ የኔ ልጅ» አለው ጎረቤቴ። «ዋናው አቅምህ መገንባቱ ነው።»

ልጁ በዚያ ሰሞን ሥራ ሲፈልግ ስድስት የምስክር ወረቀት ነበረው። ሁሉም ስለ ንብ ነው።

አናቢ ሁልጊዜ ከጭስ አጠገብ አይቆምም። በየሩብ ዓመቱ ልምድ ለመቅሰም ወደ ቢሾፍቱ፣ አለዚያ ወደ አዳማ ወይም ሐዋሳ ይወርዳል። ንብ ከአበባ እንደምትቀስም ሁሉ አናቢም ከሐይቅ ዳር መቅሰሙ ያለ ነው። በዚያ የሚነድፍ ንብ የለም፤ የመነደፊያው ካሣ ግን በቀን ታስቦ ይከፈላል። በቅርቡ የተመከረው ስለ ማር እጥረት ነበር፤ በሻይ ዕረፍት የቀረበው ስኳር ነው። የልጆቹን ወኪልም አልረሱትም። ወንበር ተሰጥቶታል፣ ጠረጴዛው ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፎለታል፤ ስሙም ሦስቱን ቀን ሳይነሣ ተቀምጦ ውሏል።

ከባሕር ማዶ አበባ ያገር ውስጡ ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔም ከእነሱ ነኝ። በ2009 ለወጣቶች የሚሆን 10 ቢሊዮን ዘር ይዘራል፣ የዘራ ሲያፈራ ዘሩን መልሶ ለተረኛው ያዞራል ተብሎ በአዋጅ ጸደቀ። ከሁሉ የወደድኩት መዞሩን ነው። ዘሩ ወጣ፣ ዞረም፤ ያስቸገረው መመለሱ ነው።

እንዲህ እያልን ጥር 2017 ደረሰ። ባሕር ማዶ ያለው ትልቁ የአበባ ማሳ ለ90 ቀን ይዘጋ ተባለ፤ ሰኔ ሳያልቅ ማሳው ራሱ ታረሰ። ያን ጊዜ ማር ቆራጮቹ ሁሉ ተቆረጠባቸው። የንብ ሊቃውንት እንደሚሉት ችግር ሲመጣ ሠራተኞቹ ድንጉላዎቹን ከቀፎ ያስወጣሉ፤ ድንጉላ አይቀስምም፣ አይነድፍም፣ ይበላል እንጂ። እኔ ባየኋቸው ቀፎዎች የወጡት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ያውም በሳምንት ማስጠንቀቂያ። ድንጉላዎቹ ስለ ቀፎው መጻኢ ዕድል ምክክር ላይ ናቸው። አውራዋም ደኅና ናት። በተፈጥሮ የንብ አውራ ስታረጅ ቀፎው ሌላ ያሳድጋል፤ በከተማው ቀፎ ግን ቀፎው ያረጃል እንጂ አውራዋ አታረጅም።

ከወንዙ ማዶ ያሉ ዕድርተኞች ግድግዳቸው ውስጥ አንድ የጭቃ ቀፎ አላቸው። ማሳው መታረሱን የሰሙት ከእኔ ነው። ቅጠል አያጥኑም፤ በየወሩ እያዋጡ በግቢያቸው ግራዋና ጦስኝ ተክለዋል። አደይ ሲያልፍ የሚቆርጡት ማር ብዙ አይደለም፤ ልጆቻቸው ደብተር ሲገልጡ ግን ገጹ ከጣታቸው ጋር ይጣበቃል። አንድ ባለሙያ መጥቶ አይቷቸው በጣም ተደነቀና ሊመዘግባቸው ፈለገ። ታፔላ ስለሌላቸው ቅጹ የሚሞላ አልሆነም።

ገበያው ግን አልቆመም። ሰሞኑን ቅጠል ነጋዴዎች አንድ አዲስ ቅጠል አምጥተዋል፤ ራሱ ያስባል፣ ራሱ ይጽፋል ይሉታል፤ አርባውን ገጽ በአንድ ሌሊት ያደርሳል። ጎረቤቴ ሁለት እስር ገዝቶ ትናንት ማታ ሲያጥን ልጆቹ ጭሱን አይተው ችቧቸውን ይዘው መጡ።

«ችቦው ይቆይ» አላቸው። «መጀመሪያ ፈርሙ።»