ጳጉሜን ማን በላት?

ሐራ ላይ አንድ የእህል መጋዘን አለ እንበል። ሒሳብ የሚይዝለት አሮጌ ሶፍትዌር ላይ «የዱቤ ማስታወሻ ጨምርልን» ተብሎ አንድ ወጣት ባለሙያ ተጠራ። ጎበዝ ስለሆነ አያነብም፤ ይጽፋል። ኮዱን ገለጥ ሲያደርግ «13» የሚል ቁጥር አየ። «ዓመት 13 ወር ነው? ምኑ ደንቆሮ ነው የጻፈው!» ብሎ 12 አደረገው። ልጁ ራሱ የተወለደው ጳጉሜ 2 ነው። በየ4 ዓመቱ የጳጉሜን 5 ቀን 6 የምታደርገዋን መስመርም ትርፍ ናት ብሎ ሰረዛት። ዘመነ ሉቃስን አብሮ ቀበረ።

እስከ ነሐሴ 30 ሰላም ነበር። በማግስቱ ሶፍትዌሩ ብቻውን እንቁጣጣሽ አከበረ፤ የዱቤ ማሽላ የወሰደው ሁሉ የአምና ባለዕዳ ሆነ።

«ልጄ፣ ጳጉሜን ማን በላት?» አሉ ባለመጋዘኑ።

«ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ አርጅቷል፤ ከአዲስ እንሥራው።»

ሐራ ከአዋሽና ከመቀሌ የሚመጡ ሐዲዶች እንዲገናኙባት የታቀደች ቦታ ናት። ሐዲድ የሚቀጥል ሰው የፊተኛው የት እንዳበቃ ያያል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ የማያውቁት ኮድ ግን ይደለዛል።