የሰኔ 30 ጠረጴዛ፦ በአጣዬና በአካባቢዋ ስለ ተማሪ ስፌት አመራረት፣ አሻሻጥና ማረፊያ

የተማሪ ስፌት ማለት በትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ፣ ቤት ውስጥ በእናት እጅ ተጨርሶ፣ በወላጆች ቀን ጠረጴዛ ላይ ለሽያጭ የሚቀርብ፣ ከተሸጠ በኋላ ግን ለምንም አገልግሎት የማይውል የጨርቅ፣ የክር ወይም የሣር ሥራ ነው። የወላጆች ቀን የሚባለው ደግሞ የትምህርት ዘመኑ ሊዘጋ ሲል፣ በሰኔ 30 ወይም በዚያው ሰሞን፣ ደረጃ የወጡ ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸለሙበት፣ ወላጆችም ለልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ተጣጥፈው የሚቀመጡበት በዓል ሲሆን፣ ስፌቱ የሚደረደርበት ጠረጴዛ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ተሸክመው የሚያወጡት፣ አንዱ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ ነው። አገር የሚያውቀው ይህ ገበያ የሚገባውን ያህል ሳይመረመር መቆየቱ ሊያስገርም ይችላል፤ ነገር ግን ልጅ ያስተማረ ሁሉ አንድ ቀን ደንበኛው ሆኖ ስለሚያውቅ፣ በጉዳዩ ላይ ገለልተኛ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

አጣዬ በሰሜን ሸዋ ዞን የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ከታለፈ በኋላ ከሚሴ ሳይደረስ ትገኛለች። አካባቢው ከጨርቅ ጋር ያለው ትውውቅ የቅርብ ጊዜ አይደለም። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ የዋላስማ ሱልጣኖች የገዙት ይፋት ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር በሚዘልቀው የንግድ መሥመር ላይ የተቀመጠ ግዛት ነበር፤ የአርጎባ ሰዎች እስከ ዛሬ በሽመናና በንግድ ይታወቃሉ፤ ሽቅብ ያለው መንዝ የበጉን ጠጉር ፈትሎ ባናና ዝተት ይሠራል፤ በየሳምንቱ እሑድ ሰንበቴ ላይ የሚቆመው ገበያም አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አፋሩን በአንድ ሜዳ ያገናኛል። በእንዲህ ያለ ገበያ ጋቢ የሚገዛ ሰው ብሩን የሚያወጣው ጨርቁን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ፣ ጥለቱን በጥፍሩ ፍቆ፣ ሻጩን ሁለት ጊዜ ትቶ ሄዶ ሁለት ጊዜ ከተመለሰ በኋላ ነው። ያው ሰው በሰኔ 30 ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ግን ጨርቁን አይነካም፣ ዋጋ አይከራከርም፣ «ስንት ነው?» እንኳ የሚለው ብሩን ከኪሱ ካወጣ በኋላ ነው። የዚህ ጥናት ዋና ጉዳይ ይህ የጠባይ ለውጥ ነው።

ጥሬ ዕቃው የሚገኘው ከቤት ነው። መምህሯ «ክር አምጡ» ስትል የምታስተላልፈው መመሪያ ቤት ሲደርስ የሚፈጸመው ያረጀ ሹራብ በመተርተር ሲሆን፣ መተርተር ማለት ሹራቡን ከእጅጌው ጫፍ ጀምሮ ክሩን እየመዘዙ መጠቅለል ነው፤ ከዚህ የሚገኘው ክር የቀድሞ መልኩን ስለማይረሳ፣ ምን ቢታጠብና ምን ቢወጠር እስከ መጨረሻው እንደተጠማዘዘ ይኖራል። የሹራብ መሥሪያው ዘንግ ከተሰበረ ጃንጥላ የተነቀለ ሽቦ ነው። ለመስቀልኛ ጥልፍ፣ ማለትም ክሩ በየቀዳዳው እየተቆጠረ በመስቀል ቅርጽ ለሚጣልበት ሥራ፣ ከየትኛውም ጨርቅ ይልቅ የማዳበሪያ ከረጢት ይመረጣል፤ የከረጢቱ ሽመና በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ በመሆኑ መቁጠር ለጀማሪ ይቀላል፣ ከጽጌረዳው ቅጠል ሥር አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው «50 ኪሎ» የሚል ጽሑፍም የሥራውን ዋጋ አይቀንሰውም።

እዚህ ላይ አንድ የአየር ንብረት ችግር መነሣት አለበት። አጣዬ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ከዚያም ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም የባሰ ነው። ይሁን እንጂ የእጅ ሥራ ትምህርት ከደጋ የወረደ በመሆኑ፣ ከተተረተረ ሱፍ የተሠራ ኮፍያ፣ የአንገት ልብስና የእጅ ሹራብ በቆላው ጠረጴዛ ላይ ሳይቀሩ ይቀርባሉ። ገዢው ሊለብሳቸው እንደማይችል ስለሚያውቅ፣ በደብረ ብርሃን ወይም ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማበር ዘመድ ካለው ይልካቸዋል፣ ዘመድ ከሌለው ያስቀምጣቸዋል። ደብረ ብርሃን ከ1950ዎቹ ጀምሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ መሆኗን ላኪዎቹ ግምት ውስጥ አያስገቡትም፤ የደብረ ብርሃኑ ዘመድም ኮፍያው ሲደርሰው ይህን ጉዳይ የሚያነሣ ባለጌ አይደለም።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚል ስም የወጣለትን፣ ወላጆች ግን ዛሬም «የእጅ ሥራ» የሚሉትን ትምህርት በሚመለከት፣ የአመራረቱ ሂደት ከፊሉ ብቻ በግልጽ የሚታወቅ ነው። መምህሯ ሥዕሉን በካርቦን ወረቀት አቡጀዲው ላይ ታሳርፋለች፣ ተማሪዋም የመጀመሪያውን ቅጠል ትጠልፋለች፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ስለማይገኝ ከሥራው ላይ መነበብ አለበት። ለምሳሌ አንድ የተለመደ የትራስ ልብስ ቢወሰድ፣ በግራው ማዕዘን ያለው ቅጠል በሰንሰለት ስፌት የተሠራ ሆኖ አንዱ ቀለበት የምስር፣ ቀጣዩ የባቄላ ያህላል፣ ከጀርባውም ክሩ በተቋጠረ ቁጥር የሚበቅል ጉብታ አለ። ሦስተኛው ቅጠል ላይ ሲደረስ ግን ቀለበቶቹ ድንገት እኩል ይሆናሉ፣ ክሩ ይወጠራል፣ የጀርባው ጉብታም ይጠፋል። ይህ መሥመር «የእናት ድንበር» ተብሎ ቢጠራ ተገቢ ነው። የእናት ድንበር ማለት ከቀኑ ሥራ በኋላ፣ እራት ተነሥቶ፣ ልጅቷ ጨርቁን እንደያዘች እንቅልፍ ሲጥላት፣ መርፌው ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ የተሸጋገረበት ነጥብ ነው። በሣር ስፌት፣ ማለትም ስንደዶና አክርማ በወስፌ እየተሰፋ በሚሠራው ሙዳይ ላይ፣ ድንበሩ ከታች ከመቀመጫው አጠገብ ነው፤ አለላው የሚገባው በአያት እጅ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ካለ ሙዳዩን ገልብጦ ማየት ይችላል።

በትራሱ መሐል በላቲን ፊደል የተጠለፈው «ጉድ ናይት» የሚለው ምኞት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ቦታ የተለዋወጡ ናቸው፤ መምህሯ ይህን ብታይም መተርተሩ ጨርቁን እንደሚቀድደው ስለምታውቅ 10 ከ10 ሰጥታ ታልፋለች። ከጽሑፉ በላይ ሁለት ወፎች ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል። እርግብ ይሁኑ ዳክዬ በመንቁራቸው ብቻ መወሰን አይቻልም።

አሻሻጡን የሚገዛው ሕግ አንድ ነው፤ እርሱም በጣም የተበላሸው ሥራ አስቀድሞ ይሸጣል የሚለው ነው። ምክንያቱ ለሚያውቅ ግልጽ ነው። ከጠረጴዛው ኋላ የቆመችው ሻጭ እናቷን ከሩቅ ስታይ «እማዬ፣ የኔ ያውልሽ!» ብላ በጣቷ ታመለክታለች፤ በድንኳኑ ሥር ያለው ጎረቤት ሁሉ ዘወር ብሎ ያያል፤ እናትም «አየሁት ልጄ፤ በይ ቶሎ ጠቅልይልኝ» ብላ ትከፍላለች። በሚገባ የተሰፋው ሥራ በአንጻሩ ማንንም ስለማያሳፍር እስከ ማምሻው ተዘርግቶ ይቆያል፤ በመጨረሻም የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት፣ ማለትም የወተመህ ሊቀ መንበር ገዝቶ ለክብር እንግዳው ያበረክተዋል። የክብር እንግዳው መኪና ውስጥ ምን እንደሚሆን ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።

ሒሳቡ ሲታይ ጨርቁን ያቀረበች፣ ክሩን የተረተረች፣ ሌሊት የሰፋችና በማግሥቱ ገንዘብ ከፍላ የገዛችው ያችው አንዲት ሴት ናት። አቅራቢው፣ አምራቹና ሸማቹ አንድ ሰው በሆኑበት በዚህ ገበያ ላይ መንግሥት 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ልጣል ቢል እሴቱ የት ላይ እንደተጨመረ ለማግኘት ይቸገራል። የጊዜው አመራረጥም የራሱ ብልሃት አለው። ሰኔ ጎተራ የሚሳሳበት፣ የዘርና የማዳበሪያ ወጪ የሚደራረብበት ወር ነው፤ ገበሬው የማዳበሪያውን ገንዘብ እንደምንም ከከፈለ በኋላ፣ የአምናውን ማዳበሪያ ከረጢት ዘንድሮ ጽጌረዳ ተጠልፎበት ሁለተኛ ይገዛዋል።

ስፌት ለባዳ ሰው ሲሸጥ ነገሩ ሌላ ነው። በአየርላንድ በ1840ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የድንች ሰብል ጠፍቶ ሕዝቡ በተራበ ጊዜ፣ መነኮሳት በትምህርት ቤቶቻቸው ልጃገረዶችን ዳንቴል እያስተማሩ ሥራውን ለባለጸጎች ያሸጡ ስለነበር፣ መርፌ የያዘችው ልጅ ቤተሰቧን ትመግብ ነበር። በአዲስ አበባም በአለርት ሆስፒታል አካባቢ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች የሚጠልፉት የትራስና የጠረጴዛ ልብስ በውጭ አገር እንግዶች ሲገዛ ኖሯል። እነዚህ ገዢዎች ስፌቱን ገልብጠው ያያሉ። የአጣዬ እናት አትገለብጥም፤ ጀርባውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ከተገዛ በኋላ ዕቃው ሳሎን ይገባል። እዚህ ላይ የበላይነቱን የያዘው ዳንቴል ነው፤ ዳንቴል ማለት በኪሮሽ፣ ማለትም ጫፉ በተቆለመመ ቀጭን ዘንግ፣ ከነጭ ክር የሚሠራ፣ ከክሩ ይልቅ ቀዳዳው የሚበዛ ጨርቅ ነው። አቅም ያላቸው ቤቶች በ1746 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዛሬ በፈረንሳይ በምትገኘው በሙሉዝ ከተማ የተመሠረተው የዲ.ኤም.ሲ. ኩባንያ ክር ካልሆነ አይሆንም ይላሉ። ዳንቴል ሬዲዮኑን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ማቀዝቀዣውን ያለብሳል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሶፋውን መደገፊያ። በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ወንዶች ጠጉራቸውን ማካሳር በተባለ ዘይት ይቀቡ ስለነበር ሚስቶቻቸው በወንበሩ መደገፊያ ላይ ይህን መሰል ጨርቅ ያነጥፉ እንደነበር ይታወቃል። በዚህ ረገድ ይፋት ከእንግሊዝ የተሻለ ምክንያት አላት፤ ለጋ ቅቤ አናት ላይ ተደርጎ በቆላ ፀሐይ ሲቀልጥ የሚያደርሰውን ጉዳት ማካሳር አያደርስም። ሆኖም ዳንቴሉ ራሱ እንዳይቆሽሽ ከላዩ ላስቲክ ይደረግበታል፣ ቅቤ የተቀባችው እንግዳም «እዚህ ይሻልሻል፣ ይነፍሳል» ተብላ በርጩማ ይቀርብላታል፤ ስለዚህ ሶፋው ከዳንቴሉ፣ ዳንቴሉ ከላስቲኩ፣ ላስቲኩም ከሰው ተጠብቆ ይኖራል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ላይ በደረሰው ጥቃትና ቃጠሎ ብዙ ቤት ከነዕቃው ስለወደመ፣ በከተማዋ የዳንቴልን ዕድሜ በትውልድ መቁጠር ለብዙ ቤተሰብ አይቻልም፤ ይህ ነገር ሽሙጥ ስለማይሸከም ጥናቱ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

የተማሪ ስፌት ለአገልግሎት አይውልም ለሚለው ድንጋጌ አንድ ልዩ ሁኔታ በይፋት ይገኛል፤ እርሱም ልጅ ለአባቷ በኪሮሽ የምትሠራው ነጭ ኮፍያ ነው። አባት ለጁምዓ ሶላት አድርጎት ይወጣል፤ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብልም አያወልቀውም።

የበለጠ ምርምር የሚሻው ግን ጠረጴዛው ላይ የሌለው ነው። ወንዶች ልጆች ያረጀ ካልሲ በጨርቅና በፌስታል ሞልተው፣ አፉን በመርፌ ሰፍተው የሚሠሩት ኳስ በትምህርት ቤቱ ግቢ ከፍተኛ ተፈላጊነት ያለውና በዕረፍት ሰዓት እስኪፈነዳ የሚያገለግል ብቸኛ የስፌት ውጤት ሆኖ ሳለ፣ ለሽያጭ ቀርቦ አያውቅም፤ ሠሪውም ከመሸለም ይልቅ ይንበረከካል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግለው የወር አበባ መጠበቂያ ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የልጃገረዶች ክበባት ይህን ከጥጥ ጨርቅ መስፋት ይማራሉ። የዕቃው ጥቅም አከራካሪ አይደለም፤ በመቀሌ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ አቋቁመው ይህንኑ መጠበቂያ ያመረቱት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2012 ዓ.ም. የሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ተብለው ተመርጠዋል። በወላጆች ቀን ግን የክብር እንግዳ ባለበት ነውር ነው ተብሎ በካርቶን ታሽጎ ከጠመኔው ጎን ይቀመጣል፣ ቦታውን የቴሌቪዥን ልብስ ይይዘዋል። በዳንቴል እጦት ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ እስካሁን አልተሰማችም።

ስለ መልስ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሻጮቹ ተማሪዎች በመሆናቸው ዝርዝር ብር የላቸውም፤ 200 ብር የሰጠ ወላጅ «መልሱን ቲቸር ይዘው ይመጣሉ» ይባላል፤ ቲቸር ግን በዚያን ሰዓት ውጤት እየጠሩ ነው። ስለዚህ በመጪው ሰኔ በአጣዬም ሆነ በሸዋ ሮቢት ወደ ወላጆች ቀን የሚሄድ አንባቢ ገንዘቡን በ10 እና በ50 ብር አስቀድሞ ይዘርዝር፤ የልጁን ሥራ ከጎረቤት ቀድሞ ይግዛ፤ በመውጫውም ላይ ያ ካርቶን የት እንዳለ ዳይሬክተሩን ይጠይቅ።