ፍላሽ፣ ዳጉና ሞዴል 19፦ ስለ ኮምፒውተር ፍልሰት የተደረገ ምልከታ

በአፋር ፍልሰት ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ግጦሽና ውሃ ነው። ይህ ምልከታ ግን ግጦሽ ስለማይሻ ፍልሰት ነው፦ አዋሽ ሰባት ኪሎ ካለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሰመራ ወዳለ አዲስ ኮምፒውተር ስለተደረገ የፋይልና የሴቲንግ ጉዞ። የናሙናው ብዛት አንድ ነው። የተመረጠበትም ዘዴ ግልጽ ነው፤ አጥኚው ወደ ሰመራ ተዛውሯል።

የቀደሙ ሥራዎች ዳሰሳው አጭር ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ፋይልና ሴቲንግ የሚያዛውር ፕሮግራም ይሰጥ ነበር። በቪስታ ጊዜ ስሙን ለውጦ ቀጠለ፤ ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ጠፋ። አጥኚው አላዘነም፤ በነበረበት ዘመንም ሲጠቀምበት ያየው ሰው የለም። በአገራችን ይህን ሥራ የሚሠራው ፍላሽ ነው። ፍላሽ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ «የቢሮ ነው» ይባላል፤ ውስጡ ግን የአንድ ሰው የሠርግ ፎቶ አይጠፋም።

ለንጽጽር የተመረጠው ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ጉዟቸውን ገታ አድርገው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ገበያው ምን ይመስላል፣ ማን እንግዳ አለፈ። ነጋሪው በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው መለየት አለበት፤ የዋሸ ይዋረዳል። በዚህ ሚዛን ፍላሻችን ወደቀ። «ኒው ፎልደር 3» ውስጥ የተገኘው የ9 ወር ሪፖርት በዓይን የታየ ይሁን ከአምናው በ«ሴቭ አዝ» የተወለደ፣ ፍላሹ አይናገርም። (የተወለደ ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ዓመተ ምሕረቱ አልተቀየረም።)

ዋናው ግኝት ፊደልን የሚመለከት ነው። አሮጌዎቹ ደብዳቤዎች የተጻፉት በቪዥዋል ግዕዝ ነበር። በዚያ አሠራር ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ግዕዝ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጥቶታል፤ ዊንዶውስም በቪስታ ጊዜ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጥቷል። ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት በተጀመረ ልማድ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ፎንቱን አዋሽ ትቶ ሰመራ ሲገባ፣ አማርኛነቱን መንገድ ላይ ጥሎ ይደርሳል። አንድ የሥራ ባልደረባ ስክሪኑን አይቶ «ይሄማ አፋርኛ ነው» አለ። ስሕተቱ አይፈረድበትም፤ አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። አፋሩ ባልደረባችን ተጠርቶ መጣና መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ። «አፋርኛ ቢሆን ይገባኝ ነበር» አለ። «ይልቅ የእናንተው ሳይሆን አይቀርም።» የእሱ አፋርኛ ማስታወቂያዎች አንድ ፊደል ሳይጎድላቸው ገብተዋል።

ነገሩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። አዋሽ ላይ የድሮው የባቡር ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ አይሄድም። ሰመራም ራሷ አዲስ ኮምፒውተር ናት። የክልሉ መቀመጫነት ከአሳይታ ወደ እሷ ሲዛወር ማኅተሙና ወንበሩ መጡ፤ የአዋሽ ወንዝ ግን እዚያው አሳይታ ቀረ። ሰኔ ላይ ሰመራ ውስጥ የቆመ ሰው ምን እንደተረሳ በፍጥነት ይገባዋል።

በአስተዳደር ረገድ፣ አዲሱ ኮምፒውተር በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፤ ማውዙም ጭምር። የአሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤ ግን በምንም ሞዴል ገቢ አልሆነም፤ ስለዚህ ቢጠፋ የሚጠየቅ የለም። አሮጌው ኮምፒውተር የወጪው ሞዴል 22 ስላልተቆረጠለት አዋሽ ግምጃ ቤት ተቀምጦ አስወጋጅ ኮሚቴ ይጠብቃል።

ችግሩ የታወቀው የደመወዙ ኤክሴል ፓስወርድ ሲጠይቅ ነው። ፓስወርዱ አሮጌው ሞኒተር ጎን ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ነበር። ሞኒተሩ ግምጃ ቤት ነው። ስልክ ያን ቀን አይሠራም ነበር።

መልእክቱ በዳጉ አዋሽ ደርሶ ኖሮ፣ በማግስቱ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ አልፎ ሰመራ ገባ። አፋር ነው። መኪናውን አቆመ፣ ሻይ አዘዘ፣ መጀመሪያ ስለ ገዋኔ ዝናብ ነገረኝ። ከዚያ ፓስወርዱን ቁጥር በቁጥር ጠራልኝ። ጽፌ ስጨርስ፣

«ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?» አልኩት።

«ያየሁት። ፕላስተሩ በሙቀት ስለለቀቀ የመጨረሻዋን ቁጥር ግን ንብረት ክፍሉ ነው የነገረኝ። እሷን የሰማሁት ብለህ ያዝ።»

ኤክሴሉ እምቢ ያለው በመጨረሻዋ ቁጥር ነበር።